ቃልን በፊደል ንድፍ ስለ መፈለግ፦ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ስሞች ላይ የተመሠረተ ትችት

1. መነሻ

የመዝገበ ቃላት ሥራ ከሁሉ አስቀድሞ የፍለጋ ሥራ ነው። አንድ ቃል በየትኛው ጽሑፍ፣ በምን አገባብና በምን አጻጻፍ እንደ ተገኘ ሳይታወቅ ፍቺ ሊሰጠው አይገባም። ቀድሞ ፍለጋው የሚካሄደው በካርድ ነበር፤ ቃል ለቃሚው ቃሉን ከነዐረፍተ ነገሩ ጽፎ በፊደል ተራ ይደረድረዋል፤ አዘጋጁም በፈለገው ጊዜ ከመሳቢያው ያወጣዋል። ዛሬ መሳቢያው የጽሑፍ ፋይል ሆኗል፤ ካርዱን የሚያገላብጠውም ፕሮግራም ነው። ለውጡ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም እጅ የማያጠፋውን ጥፋት ፕሮግራም ሊያጠፋ እንደሚችል በራሳችን ሥራ ላይ ተመልክተናል።

በአዳማና በአካባቢዋ ባሉ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ከማስታወቂያ ሰሌዳዎች፣ ከደብዳቤዎችና ከጋዜጦች የለቀምናቸውን ቃላት የያዘ ፋይል ነበረን። ቃላቱን በፊደል ንድፍ ለመፈለግ እንዲያስችሉን በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉ ሁለት ፕሮግራሞች ቀረቡልን። ንድፍ የምንለው ከፊሉ የታወቀ፣ ከፊሉ ክፍት የሆነ የፊደል ቅንጅት ነው። ለምሳሌ በ«አ» ጀምሮ በ«ማ» የሚጨርስ ባለ ሦስት ፊደል ቃል ሲፈለግ «አ.ማ» ተብሎ ይጻፋል፤ ነጥቡም «ማናቸውም አንድ ፊደል» ማለት ነው። የመጀመሪያው ፕሮግራም በዚህ ንድፍ አዳማን ሊያገኝ አልቻለም። ሁለተኛው አገኘ፤ ዳሩ ግን ሥራውን ሲጨርስ በፋይላችን ውስጥ የነበረው «ድኅነት» ሁሉ «ድህነት» ሆኖ ተገኘ። የነፍስ መዳን የኪስ ባዶነት ሆነ ማለት ነው።

የፕሮግራሞቹን ጸሐፊዎች ማንነት መግለጽ አያስፈልግም፤ ስሕተቶቹ በማንኛውም ስፍራ፣ በማንኛውም ትጉህ ሰው እጅ ሊደገሙ የሚችሉ ናቸውና። ስለዚህ ሁለቱን አካሄዶች በየተራ መርምረን ያገኘነውን ለሥነ ልሳን ባለሙያዎችና ለተርጓሚዎች ማቅረብ ወደናል። ክርክራችን ባጭሩ እንደሚከተለው ነው፦ ንድፍ ለጽሑፍ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። ጥያቄው እንደ ጠያቂው ፍላጎት ሊጠብቅም ሊላላም ይችላል፤ የሚጠየቀው ጽሑፍ ግን አንዲት ፊደል እንኳ ልትለወጥበት አይገባም።

2. ባይትና ፊደል

የሲ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቤል ቤተ ሙከራ በዴኒስ ሪቺ ሲዘጋጅ፣ አንድ ፊደል በአንድ ባይት፣ ማለትም ከ0 እስከ 255 ካሉት ቁጥሮች በአንዱ ይወከል ነበር። ለእንግሊዝኛ ፊደል ይህ ከበቂ በላይ ነው። ብራያን ከርኒገንና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት የታወቀ መጽሐፍ አራተኛ ምዕራፍ ላይ፣ ጽሑፍን መስመር በመስመር እያነበበ የተፈለገው የፊደል ቅንጅት ያለበትን መስመር ብቻ የሚያትም አጭር ፕሮግራም ይገኛል። ለብዙ ፕሮግራም ጸሐፊዎች የፍለጋ ሀሁ ይህ ነው። ለእኛ የቀረበው የመጀመሪያው ፕሮግራምም የዚሁ ልጅ ነበር።

የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3ኛ እትም ነው። ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1992 በነደፉት ዩቲኤፍ-8 በተባለው ዘዴ ሲቀመጥ፣ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። «ዳ» ለምሳሌ 225፣ 139፣ 179 ተብሎ ይቀመጣል። በአማርኛ የምንገለገልባቸው የግዕዝ ፊደላትና የግዕዝ ሥርዓተ ነጥቦች ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው ይኸው 225 ነው። ከዚህ የሚከተሉት ስሕተቶች ይወለዳሉ።

ሀ) የቃል ርዝመት ይሳሳታል። ስትርሌን የተባለው ርዝመት ቈጣሪ «አዳማ» ስንት ነው ቢሉት 9 ብሎ ይመልሳል፤ «ናዝሬት» ቢሉት 12። ባለ ሦስት ፊደል ቃላትን ብቻ ለማውጣት የፈለገ ሰው አዳማን አያገኝም።

ለ) ነጥቡ የሚወክለው አንድ ባይትን ብቻ ይሆናል። «አ.ማ» ተብሎ ሲጠየቅ ፕሮግራሙ በ«አ» እና በ«ማ» መካከል አንድ ባይት ይጠብቃል፤ «ዳ» ግን ሦስት ባይት ስለሆነች ቃሉ ተዘልሎ ያልፋል። የመጀመሪያው ፕሮግራም አዳማን ያጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሐ) «ከእነዚህ ፊደላት አንዱ» የሚል ጥያቄ ትርጉሙን ያጣል። «ሰ ወይም ሠ» ለማለት ሁለቱን በቅንፍ ውስጥ ብናስገባ፣ ፕሮግራሙ የሚያየው 225፣ 136፣ 176 እና 160 የተባሉ አራት ባይቶችን ነው። 225 ደግሞ የሁሉም ፊደል መነሻ ስለሆነ ቅንፉ ለማንኛውም ፊደል እሺ ይላል።

መ) ቃል ከቃል አይለይም። ስትርቶክ ለተባለው ቃል ከፋይ ሁለት ነጥብን፣ ነጠላ ሰረዝንና አራት ነጥብን መለያ አድርገን ብንሰጠው፣ የሦስቱን ምልክቶች ባይቶች እያንዳንዳቸውን እንደ መለያ ይቈጥራቸዋል። 225 ከመለያዎቹ አንዱ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ ፊደል በመነሻው ላይ ይቈረጣል፤ ጽሑፉም ተሰባብሮ ይቀራል።

ሠ) ፊደልን ከፊደል ያልሆነው የሚለየው ኢዝአልፋ የተባለው መጠይቅ አይታመንም። በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ባይት ከዜሮ በታች ሊወርድ የሚችል ቁጥር ተደርጎ ስለሚያዝ፣ 225 ከዜሮ በታች 31 ሆኖ ይነበባል። መጠይቁ ደግሞ ለእንዲህ ያለው ቁጥር የተወሰነ መልስ የለውም።

እነዚህን ስሕተቶች የባሰ የሚያደርጋቸው ፕሮግራሙ በጥቅሉ ሲታይ የሚሠራ መምሰሉ ነው። ያለ ነጥብና ያለ ቅንፍ «አዳማ» ብለን ብንጠይቀው «አዳማ»ን፣ «ከአዳማ»ን፣ «የአዳማን»ም ያለ ስሕተት ያወጣል፤ የዩቲኤፍ-8 አሠራር አንዱን ፊደል ከሌላው መካከል እንዳያስጀምር ተደርጎ የተነደፈ ነውና። ጸሐፊው በዚህ ሙከራ ረክቶ ፕሮግራሙን ያስረክባል። «ያዳማ»፣ «ባዳማ»፣ «ላዳማ» የሚሉት የተዋሐዱ አጻጻፎች መቅረታቸውን ግን የሚያስታውሰው የለም። ይህ አጻጻፍ የሰነፍ አጻጻፍ አይደለም፤ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ለታተመው ሥራቸው የሰጡት ርእስ ራሱ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» የሚል ነው። መስተዋድዱን ከስሙ ጋር የሚያዋሕድ ጸሐፊ በፍለጋችን ውስጥ ከነጽሑፉ የሌለ ያህል ይሆናል።

3. ረድፍና ዐምድ

መፍትሔው ከንድፍ ፍለጋ በፊት ሦስቱን ባይቶች ወደ አንድ ቁጥር መመለስ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከመጀመሪያው ባይት 224 ቀንሶ በ4096 ማባዛት፣ ከሁለተኛው 128 ቀንሶ በ64 ማባዛት፣ ከሦስተኛው 128 መቀነስ፣ ከዚያም ሦስቱን መደመር። በዚህ ስሌት «ሀ» 4608፣ «ዳ» 4851 ይሆናሉ። ቋንቋው ራሱ ያዘጋጀውን «ሰፊ ፊደል» የተባለ ዓይነት መጠቀምም ይቻላል፤ ውጤቱ አንድ ነው።

አንባቢን በይበልጥ ሊያስደስት የሚገባው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። በዩኒኮድ ውስጥ የግዕዝ ፊደል የተደረደረው ልጆች በሚማሩበት ገበታ አምሳል ነው። እያንዳንዱ ተነባቢ ስምንት ቦታ ተሰጥቶታል፤ ሰባቱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ላሉት፣ ስምንተኛው እንደ «ሏ» እና «ዟ» ላሉት ዲቃላዎች ነው። ስለዚህ ከፊደሉ ቁጥር 4608 ቀንሰን ለ8 ብናካፍል ድርሻው ተነባቢውን፣ ቀሪው አናባቢውን ይነግረናል። ለ«ዳ» 4851 ሲቀነስ 4608፣ 243 ነው፤ ለ8 ሲካፈል ድርሻው 30፣ ቀሪው 3 ይሆናል። ቈጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር 30 የ«ደ» ስፍራ፣ 3 ራብዕ ነው። ድርሻውን «ረድፍ»፣ ቀሪውን «ዐምድ» ብለን እንጠራለን።

ለላቲን ፊደል እንዲህ ያለ ስጦታ የለም። እንግሊዛዊ ፕሮግራም ጸሐፊ ተነባቢን ከአናባቢ ለመለየት ዝርዝር ማዘጋጀት አለበት፤ እኛ በአንድ ማካፈል እናገኘዋለን። ይሁን እንጂ ስጦታው ያለ ጥንቃቄ የሚወሰድ አይደለም። የ«ቀ»፣ የ«ኀ»፣ የ«ከ»፣ የ«ኸ» እና የ«ገ» ዲቃላዎች በስምንተኛው ቦታ ሳይሆን በራሳቸው ረድፍ ተቀምጠዋል። «ቆ» በ«ቀ» ረድፍ ስትሆን «ቋ» በ«ቈ» ረድፍ ናት። ማካፈልን ብቻ የሚያምን ፕሮግራም «ቆመ»ን ሲፈልግ «ቋሚ»ን ይጥላል፤ «ቆጠረ»ን ሲፈልግ «ቈጠረ»ን አያውቅም። እነዚህ አምስት የዲቃላ ረድፎች ከእናት ረድፋቸው ጋር በሰንጠረዥ መያያዝ አለባቸው።

ሥርዓተ ነጥብንም በሚመለከት ሰንጠረዥ ያስፈልጋል። አራት ነጥብ አንዳንድ ጊዜ በራሱ ምልክት፣ አንዳንድ ጊዜ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመምታት፣ አንዳንድ ጊዜም በላቲኑ ሁለት ነጥብ ይጻፋል። ዓይን ልዩነቱን አያይም፤ ፕሮግራም ግን ያያል።

4. ሞክሼ ፊደላት

ወደ ሁለተኛው ፕሮግራም እንለፍ። ይህኛው ባይትን ወደ ፊደል መልሷል፤ ረድፍንና ዐምድን አውቋል። ጸሐፊው የአማርኛን አጻጻፍ መለዋወጥ ስለሚያውቅ፣ ሐመሩን «ሐ»ና ብዙኃኑን «ኀ» ወደ ሀሌታው «ሀ»፣ ንጉሡን «ሠ» ወደ እሳቱ «ሰ»፣ ዐይኑን «ዐ» ወደ አልፋው «አ»፣ ፀሐዩን «ፀ» ወደ ጸሎቱ «ጸ» መልሶ ነው የሚፈልገው። በ«ሀ»ና በ«አ» ረድፎች ግዕዙና ራብዑ በድምፅ አንድ ስለሆኑ «ሃ»ን ወደ «ሀ»፣ «ኣ»ን ወደ «አ» ይመልሳል።

ለፍለጋ ይህ ትክክል ነው። የመተሐራን ስም ብንወስድ «መተሐራ»፣ «መተሃራ»፣ «መተሀራ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ሦስቱም አንድ ከተማ ናቸው። ፈላጊው አንዱን ሲጽፍ ሦስቱ ሊመጡለት ይገባል። ጥንቃቄ የሚያሻው «ኸ» ላይ ነው፤ የእርሷ ግዕዝ ከራብዟ በድምፅ የተለየ ስለሆነ «ኸ»ን ከ«ኻ» ጋር ማደባለቅ አይገባም። የ«ኧ»ም ጉዳይ እንዲሁ ነው።

የፕሮግራሙ ጥፋት ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ለፍለጋ ያመሳሰለውን ጽሑፍ በቀድሞው ጽሑፍ ላይ መልሶ ጻፈው። ከ«ኀ» ወደ «ሀ» መሄድ ይቻላል፤ ከ«ሀ» ወደ «ኀ» መመለስ ግን አይቻልም፣ የቱ «ሀ» ቀድሞ «ኀ» እንደ ነበረ የሚናገር ምልክት አልቀረምና። «ሠረቀ» (ወጣ፣ ለፀሐይ) እና «ሰረቀ» (ሌባ ሆነ) አንድ ይሆናሉ። «ሠዐለ» እና «ሰአለ» አንድ ይሆናሉ፤ ሠዓሊው ለማኝ፣ ለማኙም ሠዓሊ ሊባል ነው። ከግዕዝ ለሚተረጕም ሰው ይህ ልዩነት የትርጕም መሠረት ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የግዕዝ መዝገበ ቃላታቸውን ሲያዘጋጁ በፊደላት ልዩነት ላይ ያደረጉትን ጥንቃቄ የሚያውቅ ሁሉ፣ በአንድ ሌሊት ምን እንደሚጠፋ ይረዳል።

ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ አይቀነሱ የሚለው የቈየ ክርክር ከዚህ የተለየ ጉዳይ መሆኑን ማስገንዘብ እንወዳለን። ይቀነሱ የሚለው ወገን እንኳ የሚናገረው ወደ ፊት ስለሚጻፈው ነው። የተጻፈው ማስረጃ ነው። የአንድ ከተማ ነዋሪ በሰሌዳው ላይ «ፀጉር አስተካካይ» ወይም «ጸጉር አስተካካይ» ብሎ መጻፉ ለሥነ ልሳን ባለሙያ ራሱን የቻለ መረጃ ነው፤ መረጃውን ያጠፋ ፕሮግራም ቃሉን ቢያገኝም ጥናቱን አጥፍቷል። በእኛ ፋይል ካርዳቸው ያልተጣለውን ቃላት ከካርዱ እያየን መለስን። ካርዳቸው የተጣለው ግን እንደ ተለወጡ ቀርተዋል።

5. የቦታ ስሞች

የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ስሞች ለንድፍ ፍለጋ ሁነኛ መፈተኛ ናቸው። አብዛኞቹ የኦሮምኛ ስሞች ናቸው፤ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ አጻጻፍ ሲገቡም የተወሰነ መንገድ ተከትለው ይዋልላሉ።

አስቀድመን ልቅ የሆነውን ፍለጋ እንመልከት። ዐምዱን ሁሉ ትተን በረድፍ ብቻ አ-ደ-መ ብለን ብንፈልግ፣ ፕሮግራሙ «አዳማ»ን ያወጣል። ከእርሷ ጋር ግን የአዳሚ ቱሉን «አዳሚ»፣ የሠራተኛውን «አድማ»፣ የአባታችንን የ«አዳም»ን ስምና «አደመ» የሚለውንም ግሥ አሰልፎ ያመጣል። በረድፍ ብቻ መፈለግ ለሴማዊ ሥር የተስማማ ዘዴ ነው፤ በሴማዊ ቋንቋ ተነባቢው ትርጕሙን ተሸክሞ አናባቢው ይለዋወጣል። በኦሮምኛ ስም ውስጥ ግን አናባቢው የቃሉ አካል ነው፤ እርሱን መተው ስሙን መተው ነው።

ታዲያ ስሙ የሚዋልለው የት ላይ ነው? እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በይፋ የሚሠራበት የቁቤ አጻጻፍ መልሱን ይሰጠናል። ቁቤ ረጅሙን አናባቢ በድርብ ፊደል፣ አጭሩን በነጠላ ይጽፋል፤ የጠበቀውን ተነባቢም ይደርባል። በዚህ አጻጻፍ የሻሸመኔ የመጀመሪያው «ሻ» ረጅም፣ ቀጥሎ ያሉት «ሸ» እና «መ» አጭር ናቸው። የአማርኛ ጸሐፊ ረጅሙን በራብዕ ይጽፋል፤ በዚህ ላይ አይለያይም። አጭሩን ግን አንዱ በግዕዝ፣ ሌላው በራብዕ ይጽፈዋል፤ ስለዚህ «ሻሸመኔ»ም «ሻሻመኔ»ም እናነባለን። እንግዲህ ለእነዚህ ስሞች የሚስማማው ልልነት ግዕዝንና ራብዕን ብቻ አንድ አድርጎ የቀሩትን ዐምዶች እንደ ተጻፉ መጠበቅ ነው።

ውጤቱን አንባቢ በራሱ ሊፈትነው ይችላል። በዚህ ሕግ «ሻሸመኔ» ተብሎ ሲጠየቅ «ሻሻመኔ» ይመጣል። «አዳማ» ተብሎ ሲጠየቅ «አድማ» በሳድሱ ምክንያት፣ «አዳሚ» በሣልሱ ምክንያት፣ «አዳም»ም በመጨረሻው ሳድስ ምክንያት ይቀራሉ። አብሮ የሚገባ አንድ እንግዳ አለ፤ እርሱም «አደመ» ነው። ይህን የሚለየው የአዘጋጁ ዓይን ነው። አራት ስሕተትን ወደ አንድ ማውረድ ከንድፍ የሚጠበቅ ተገቢ ሥራ ነው ብለን እናምናለን።

በርዝመት የሚዋልሉም አሉ። ባቱ ቀድሞ ትጠራበት የነበረው ስም «ዝዋይ»፣ «ዘዋይ»፣ አልፎ አልፎም «ዟይ» ተብሎ ተጽፏል። «ዟ» የ«ዝዋ»ን ሁለት ፊደላት በአንድ ስለ ጠቀለለች ባለ ሦስት ፊደል ንድፍ አያገኛትም። ከንድፉ በፊት ዲቃላውን ፈትቶ «ዝዋ» ማድረግ ይገባል፤ ይህም በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ባለው ቅጂ ላይ እንጂ በፋይሉ ላይ አይደለም።

በመጨረሻም ንድፍ ጨርሶ የማይደርስበት አለ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አዳማ በመጽሐፍ ቅዱሷ ከተማ ስም ናዝሬት ተብላ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የቀድሞው ስሟ በይፋ ተመልሶላታል። ቢሾፍቱም ደብረ ዘይት፣ ባቱም ዝዋይ ሲባሉ ቈይተዋል። «ናዝሬት»ን ከ«አዳማ» ጋር የሚያገናኝ የፊደል ንድፍ የለም። በዚያ ዘመን ስለዚች ከተማ የተጻፈውን ሁሉ የሚፈልግ ሰው ሰው ራሱ ያዘጋጀው የስሞች ዝርዝር ያስፈልገዋል። ዝርዝሩ ስሙ ከነዘመኑ የሠፈረበት መሆን አለበት፤ «ናዝሬት» የሚለውን ሁሉ «አዳማ» ብሎ የሚተካ ፕሮግራም ድኅነትን ድህነት ካደረገው በምንም አይሻልም። እንዲያውም የጌታን ከተማ ወደ ምሥራቅ ሸዋ ሊያመጣ ይችላል።

6. የግሥ ሥር

በረድፍ መፈለግ ጥቅሙ የሚታየው በአማርኛ ግሥ ላይ ነው። ሰ-በ-ረ ብለን በቃሉ ውስጥ በማንኛውም ቦታ ብንፈልግ «ሰበረ»፣ «ሰባሪ»፣ «ስብራት»፣ «ተሰበረ»፣ «መስበር»፣ «ይሰብራል» ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወጣሉ። በካርድ ዘመን የቀናት ሥራ የነበረ ነው። ሆኖም ከእነርሱ ጋር «አስበረረ» እና «አስበረበረ» ይወጣሉ፤ በእነዚህ ውስጥ «ስ» የአስደራጊነት ምልክት እንጂ የሥሩ ፊደል አይደለችም።

የሚቀሩም አሉ። «ወሰደ» ብሎ «ወሳጅ»፣ «ከፈተ» ብሎ «ከፋች»፣ «ለመነ» ብሎ «ለማኝ»፣ «ቈረጠ» ብሎ «ቈራጭ» የሚለው ለውጥ የመጨረሻውን ረድፍ ይቀይራል። በገበታው ላይ «ሸ» ከ«ሰ»፣ «ቸ» ከ«ተ»፣ «ኘ» ከ«ነ»፣ «ዠ» ከ«ዘ»፣ «ጨ» ከ«ጠ» ቀጥሎ ያለ ረድፍ ናቸውና፣ ፕሮግራም ጸሐፊ «ቀጣዩንም ረድፍ ተቀበል» የሚል አቋራጭ ይመኛል። አቋራጩ በ«ደ» ላይ ይሰበራል። ከ«ደ» ቀጥሎ ያለው «ጀ» ሳይሆን «ዸ» ነው። ይህም የኦሮምኛ ድምፅ ፊደል ነው፤ በሪሳ ጋዜጣ በግዕዝ ፊደል ይታተም በነበረበት ዘመን «ዹጋ» ተብሎ የሚጻፈው «እውነት» የሚነሣው በእርሱ ነው። አቋራጩን የያዘ ፕሮግራም «ወሳጅ»ን ትቶ «ወሳዽ» የሚል የሌለ ቃል ይፈልጋል። አማርኛን ብቻ አስቦ የተጻፈ ሕግ ፊደሉን የሚጋራው ሌላው ቋንቋ ባለበት ስፍራ ይሰናከላል። «ቀጠለ» ብሎ «ቀጣይ» ላለውም «ለ» እና «የ» እጅግ የተራራቁ ናቸው። ስለዚህ ለውጦቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በሰንጠረዥ ሊሰፍሩ ይገባል።

ከዚህ የራቀውን፣ ማለትም ሥሩን ከነቅጥያው መለየትን፣ ከፊደል ንድፍ መጠበቅ አይገባም። ያ የሥነ ምዕላድ ትንተና ሥራ ነው፤ ማይክል ጋሰር ለአማርኛ፣ ለኦሮምኛና ለትግርኛ ያዘጋጀው ሆርንሞርፎ የተባለው ፕሮግራም በዚህ መንገድ የሄደ ነው። የንድፍ ፍለጋ ከእርሱ በፊት የሚደረግ፣ ቀላልና ፈጣን የሆነ የመጀመሪያ ወንፊት ነው።

7. የስያሜ ጉዳይ

ትችታችን በፕሮግራም ጸሐፊዎች ላይ ብቻ ቢያበቃ ፍትሐዊ አይሆንም። ሁለተኛውን ፕሮግራም ስናዝ የተጠቀምንበትን ቃል መልሰን አየነው። «ሞክሼ ፊደላትን የሚያስተካክል ፕሮግራም» ብለን ነበር። «ማስተካከል» በአማርኛ የተጣመመውን ማቅናት ነው። የታዘዘው ሰው እንደ ታዘዘው አደረገ፤ ጠማማ ነው ያልነውን አቀና። ያጠፋነው እኛ ነን፤ ያጠፋነውም በስያሜ ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን ስያሜዎች ለውይይት እናቀርባለን። በፋይል ውስጥ ለሚቀመጠው አንድ ቁጥር «ባይት» እንደ ተለመደ ይቈይ፤ «ፊደል» ግን አንባቢ ፊደል ለሚለው ብቻ ይዋል፤ ሁለቱ ቃላት በምንም ምክንያት አይለዋወጡ። ለተነባቢው ወገን «ረድፍ»፣ ለአናባቢው «ዐምድ» ይባል፤ የዐምዶቹም ስም ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኀምስ፣ ሳድስና ሳብዕ መሆኑ የታወቀ ስለሆነ ሌላ ስም መፍጠር አያስፈልግም። ለፍለጋ ሲባል ሞክሼዎችን እንደ አንድ መቍጠር «ማመሳሰል» ይባል። የሚመሳሰሉ ሁለት ነገሮች ሁለት መሆናቸው አይቀርምና ቃሉ ራሱ ጥንቃቄን ያስተምራል። «ማስተካከል» ለእውነተኛ የኅትመት ስሕተት ብቻ ይተው።

8. መደምደሚያ

ከላይ ከተባለው በመነሣት ማንኛውም ለመዝገበ ቃላት ሥራ የሚውል የንድፍ ፍለጋ ፕሮግራም የሚከተሉትን እንዲያሟላ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ባይቶችን ወደ ፊደል ሳይመልስ ርዝመት አይቍጠር፣ ቃል አይክፈል፣ ንድፍም አይፈትሽ። ሁለተኛ፣ ሦስት ዓይነት ጥያቄ ለይቶ ይቀበል፦ እንደ ተጻፈ፣ ሞክሼዎችን አመሳስሎ፣ በረድፍ ብቻ። ለቦታ ስሞችም ግዕዝንና ራብዕን ብቻ የሚያመሳስል ንዑስ አማራጭ ይኑረው። ሦስተኛ፣ ያወጣውን ቃል ሁሉ በምን ሕግ እንዳወጣው ከቃሉ ጎን ይግለጽ፤ በማመሳሰል የመጣ ቃል እንደ ተጻፈ ከተገኘው ጋር ሳይለይ አይደባለቅ። አራተኛ፣ የሚያነበውን ፋይል ለማንበብ ብቻ ይክፈት። የሲ ቋንቋ ፋይል ሲከፈት ለማንበብ ይሁን ለመጻፍ እንዲገለጽ ግድ ይላል፤ የምንጠይቀው ይህ አንድ ምልክት በትክክል እንዲጻፍ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ቀላሉ ነው፤ በአንድ ፊደል ይፈጸማል። እኛ ግን ዋጋውን የተረዳነው በፋይላችን ውስጥ «ድኅነት» የሚል ቃል ፈልገን አንድም ካጣን በኋላ ነው።